ቀምሼ የሰጠኋት ጨሞ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ መግቢያ እሄድና ተቆጣሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረዝርላቸው ኖሬአለሁ። እሳቸውም የዋህ ናቸው፤ ስገድ ብለው ያሰናብቱኛል። ትልቁን ይዤው እመለሳለሁ። ለአንተ ለማታውቀኝ፣ መልኬን ላላየኸው ልንገርህ። እህቴን አልወስድም ያለችውን መድኃኒት ደብቄ አጠጣኋት። ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ምናልባት አፍ ይኖረኝ ነበር። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ደግሞ ካድኩ።

ስሟ ጥሩነሽ ነው፤ እኔ እታለም እላት ነበር። እናታችንን ደም ግፊት ጥሏት፣ አንድ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ አፏ ተጣሞ፣ ስማችንን መጥራት እንኳ አቅቷት ሞተች። እኔ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነኝ። ያሳደገችኝ እታለም ናት። ቦንጋ ከተማ ዳር ጓሮዋን የሞላ እንሰት ነበራት፤ እሱን እየፋቀች፣ ቆጮውን ገበያ እያወጣች አስተማረችኝ። እንሰት ሲፋቅ ያላየ ሰው የእሷን ጉልበት አያውቅም። ቁጭ ብለህ፣ አንዱን እግርህን ሽቅብ አንስተህ እንሰቱን በሳንቃው ላይ ረግጠህ ትይዛለህ፤ ከዚያ በሁለት እጅህ ቁልቁል መፋቅ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። እሷ ይህን ስትሠራ ትዘፍናለች። ጎረቤቶቿ ሲደክማቸው ትስቅባቸዋለች። ክንዷ የወንድ ክንድ ነበር፣ እኔንም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ከመሬት አንስታኝ ታውቃለች።

እኔ ነርስ ሆንኩ። ደካ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቼ፣ ከሚሊኒየሙ በኋላ ወደ ቦንጋ ተመልሼ መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። የእታለም ቤት ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግቢ ነው። «ዲግሪ የሌለው ዶክተር» እያለች ትቀልድብኝ ነበር፤ ሰው ፊት ግን «ወንድሜ» ስትል ደረቷ ይነፋል።

አንድ ጊዜ ራሷን እያዞራት ጅማ ወስጄ አስመረመርኳት። ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ደሟ ውስጥም ኮሌስትሮል በዝቷል ተባለ። ለኮሌስትሮሉ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘላት። በመንገድ ላይ የደም ስብ ማለት መሆኑን ሳስረዳት «ምነው፣ ለፋሲካ የሚታረድ ሙክት ሆንኩ እንዴ ስቤ የሚለካው?» ብላ መኪናውን ሙሉ ሳቅ በሳቅ አደረገችው። እኔ አልሳቅኩም። የእናታችን የተጣመመ አፍ ነበር የሚታየኝ።

መጀመሪያ ላይ እሺ ብላ ዋጠችው። ከወራት በኋላ ግን ጭኔን ያመኛል አለች። ከዚያ ከበርጩማ ስትነሳ ጉልበቷን በእጇ ተደግፋ ሆነ። ውኃ የሞላ እንስራ ማንሳት አቃታት። አንድ ቀን ቆጮ የምታወጣበት ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ መነሳት አቅቷት ሰው ስትጠብቅ ቆይታለች። ሳነሳት እየሳቀች ነበር፣ ግን ዓይኗ ፈርቷል።

«ይሄ ክኒንህ ነው» አለችኝ። «ሥጋዬን እየበላው ነው። ይሰማኛል።»

እኔስ ምን አልኩ? ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት? ወደ ሐኪሟ ልውሰድሽ አልኳት? የለም። «እታለም፣ እርጅና ነው፣ ሰበብ አትፈልጊለት» አልኳት። ነርስ ነኝ እኮ። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ እንደሚያሳምም ተምሬአለሁ፤ ማሸጊያው ውስጥ ካለው ወረቀት ላይም ተጽፏል። አውቅ ነበር፣ ግን በእሷ ላይ አልመሰለኝም። ወይም እንዲመስለኝ አልፈለግኩም።

እሷ የምትለማመጥ ሴት አይደለችም። «ከዛሬ ጀምሮ አልውጠውም» ብላ ክኒኑን መለሰችልኝ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ገበያ ላይ ለምን አቃተሽ ሲሏት «የወንድሜ መድኃኒት ጉልበቴን በላው» ብላ ተናገረች። በክፋት አይደለም፣ እሷ የሆዷን በአፏ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬው ከተማውን ዞሮ መጨረሻ እኔ ጋ ደረሰ። ከሺሺንዳ የመጣች አንዲት ሴትዮ ሱቄ ገብታ የልጇን መድኃኒት እየተቀበለች «ይሄስ እንደ እህትህ አያደርግም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዋ ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ውስጤ ግን በገነ።

እንግዲህ ለምን አደረግኩት? ለራሴ ስናገር የኖርኩት እናቴን እንዳየኋት እታለምን እንዳላያት ነው እያልኩ ነው። ውሸት አይደለም፤ እውነት እፈራ ነበር። ግን ያቺ የሺሺንዳ ሴትዮ ሰው ባታስቅብኝ ኖሮ አደርገው ነበር? ይህን ለራሴ ስጠይቅ መልሱን አልወደውም። ፍርሃቱና ኩራቱ አንድ ላይ ተፈጭተዋል፣ አሁን ለይልኝ ብትለኝ መለየት አልችልም።

እታለም ጠዋት ጠዋት ጨሞ ሳትጠጣ ቀን አይጀምርላትም። የቡና ቅጠል ተቀቅሎ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ጨው ገብቶበት ነው የሚጠጣው፤ ያፋጃል፣ ምላስ ይይዛል፣ ምንም ነገር ብትጨምርበት ማንም አያውቅብህም። ማሰሮውን ማንሳት ሲያቅታት እኔ አፈላልሻለሁ አልኩ። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እሷ ጋ ጎራ እላለሁ፣ እሳት አነዳለሁ፣ ቅጠሉን እቀቅላለሁ። ክኒኑን ሱቄ ውስጥ አድቅቄ በወረቀት ጠቅልዬ አመጣ ነበር። እሷ ወደ ምድጃው ጀርባዋን ሰጥታ በር በሩን እያየች ስለምትቀመጥ፣ ኩባያዋ ሥር ዱቄቱን አደርግና ጨሞውን እላዩ ላይ እቀዳበታለሁ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ስማ። እኛ ዘንድ ለሰው መጠጥ ሲቀርብ ያቀረበው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ይህ ክብር ነው፤ ጠላትህ አይደለሁም፣ የምትጠጣውን እኔም ጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። እታለም ይህን ለጠጅም ለጨሞም አትተውም፣ ለልጆች እንኳ ሳትቀምስ አትሰጥም፣ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔም በየጠዋቱ ፊቷ ቆሜ ከማሰሮው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላት። ከማሰሮው ነው የቀመስኩት። ከኩባያዋ አይደለም። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጄ አቀረብኩላት። «እጅህ ይባረክ» ብላ ተቀበለችኝ፣ ጠጣችውም። ይህን አንድ ቀን አይደለም ያደረግኩት። ከመስቀል በፊት ጀምሬ ፋሲካ እስኪያልፍ አደረግኩት።

ሰፈርተኛው አመሰገነኝ። ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ለእህቱ ጨሞ ሲያፈላ የት ታይቶ ያውቃል? ሴቶቹ ለባሎቻቸው «ከሱ ተማሩ» ይሏቸው ነበር። እኔም ምስጋናውን እየተቀበልኩ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። ሰው ጉድ ነው፤ ምስጋናው ደስ ይለኝ ነበር።

እሷ ግን በዓይኔ ፊት አለቀች። ክንዷ ወደ ላይ አልነሳ አለ። ሻሿን ማሰር አቃታት፣ እኔ አስርላት ጀመር፤ አጣምሜ ሳስርባት «ሙሽራ አስመሰልከኝ» ትለኛለች። እንሰቷን ጎረቤቶቿ በደቦ ፋቁላት፣ እሷ ደጅ ተቀምጣ አየቻቸው። አልዘፈነችም። ከሴቶቹ አንዷ «እንግዲህ ክኒኑን ከተወችው ቆየች፣ ክኒኑ ቢሆን ይሻላት ነበር» ስትል ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። እታለምም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ክኒኑን ወቅሳ አታውቅም። «ወንድሜን በከንቱ አማሁት» ማለት ጀመረች፤ ለሚመጣው ሰው ሁሉ እየተናገረች ስሜን አጠበችልኝ። ሱቄም እንደ ድሮው ሰው ሞላው።

እዚህ ላይ አልቆምክም ወይ ትለኝ ይሆናል። አልቆምኩም። ካቆምኩና ከተሻላት ክኒኑ ነበር ማለት ነዋ። እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ አላሰብኩም፤ ግን እጄ ማድቀቁን ቀጠለ።

ከፋሲካ በኋላ ደረጃ መውጣት ቀርቶ አልጋዋ ላይ መገልበጥ ሲያቅታት እንደገና ጅማ ወሰድኳት። መንገዱ ገና አስፋልት አልሆነም፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር እንደ ጨርቅ ትወድቅብኛለች፤ አቅፌያት ሄድኩ። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ጠንቃቃ። ደሟን አስመረመረችና ጡንቻዋ እየፈረሰ መሆኑን ነገረችን። ወዲያው የጠየቀችው የኮሌስትሮሉን መድኃኒት ነው።

«ይህን መድኃኒት አሁንም ይወስዳሉ?»

«ኧረ ትቼዋለሁ፣ ከመስቀል በፊት» አለች እታለም።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ የጤና ባለሙያ ነዎት፣ አብረው ነው የሚኖሩት። እርግጠኛ ነዎት? ይህ ብዙ ነገር ይወስናል።»

አየህ፣ ልክ እንዲህ ነው ያለችው። ብዙ ነገር ይወስናል አለችኝ። በር ከፈተችልኝ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ በእኔ ትከሻ ተደግፋለች፣ እኔን ታያለች። አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። እኔም «አዎ፣ አቁማለች» አልኩ። ሐኪሟ «እንግዲያው ሌላ ነገር ነው» ብላ ሌላ ሌላውን መፈለግ ጀመረች። በመጨረሻ፣ ካልተሻላት በወሩ ይመልሷት፣ አዲስ አበባ ልኬ የጡንቻ ናሙና አስወስድላታለሁ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያዋ ውስጥ ምንም አልጨመርኩም። ፈርቼ ነው። አሁን ክኒኑ ስለቀረ ይሻላታል፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል ብዬ ጠበቅኩ። በየጠዋቱ ክንድሽን አንሺ እላታለሁ። ትሞክራለች። እጇ ከጭኗ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመለሳል። ነገ እላለሁ። ነገም ያው ነው። ግራ ገባኝ፤ መድኃኒቱ ከቀረ ለምን አይለቃትም? ይህን ለመጠየቅ ወደ ሐኪሟ መሄድ ነበረብኝ። ቀጠሮው ደረሰ። አልወሰድኳትም። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ታማሚ አያሳልፍም አልኩ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ያቺ ሐኪም እንደገና ዓይን ዓይኔን አይታ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው። እህቴ እየሞተች እኔ ከአንዲት ጥያቄ ተደበቅኩ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበል ተወሰደች፣ የሰው ዓይን ወግቷታል ተባለ፣ ሁሉም የመሰለውን አለ። እሷ ግን ኃጢአቷን ትፈልግ ነበር። ምን በድዬ ነው እያለች ዕድሜዋን ወደ ኋላ ትበረብራለች። በልጅነቷ አንዲት ጎረቤቷን ሰድባ እንደነበር ትዝ ሲላት አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ነገሩን ረስታዋለች፣ ተላቀሱ። እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እሰማለሁ። ኃጢአቱ እዚህ ነው፣ ያንቺ አይደለም ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ከበደኝ።

በመጨረሻ መዋጥ አቃታት፣ ጨሞውም በጉሮሮዋ አልወርድ አለ፣ ትንፋሿ አጠረ። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ሊሞት የተቃረበ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉንም አንድ በአንድ እያስጠራች ይቅርታ ጠየቀች። ተራዬ ደረሰ። ልጇ ወይንሸት ካለችበት መጥታ ራስጌዋ ተቀምጣለች።

«መድኃኒትህን በሰው ፊት አማሁብህ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ከቅርብ ካልሆነ አይሰማም። «አስቀይሜሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

እኔም ይቅር አልኳት።

እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን መናገር የነበረብኝ ሰውዬ፣ እጇን ይዤ «ይቅር ብዬሻለሁ እታለም» አልኩ። ደስ አላት። ፈገግ አለች። በዚያው ሳምንት ሞተች። ይህን ካደረገ ሰው ጋር በአንድ ገላ ውስጥ መኖር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ ይኸው እኖርበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለባለሙያዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪው ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒቶች ሲያስረዳ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ የተለየ ነገር ይደርሳል አለ። ሰውነት በሽታን ሊከላከልበት የተሰጠውን ኃይል በገዛ ጡንቻው ላይ ያዞራል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም እንኳ አይመለስም፤ ይህን ኃይል የሚያረግብ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች ይድናሉ። ሌሎቹ ማስታወሻ ይጽፋሉ። እኔ ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የእታለም በሽታ ይሄ ስለመሆኑ የፈረመልኝ ሐኪም የለም፣ ናሙናውም አልተወሰደም። ግን አየኋት፤ ከበርጩማዋ መነሳት ሲያቅታት፣ ክንዷ ሲወድቅ፣ አንድ በአንድ የተናገረው እሷን ነው።

መድኃኒቱን አልወቅስም። ብዙ ሰው አትርፏል፣ ዛሬም ሐኪም ሲያዝ እሸጠዋለሁ። ደግሞም ስንት ጊዜ ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ይመጣል። መጀመሪያ አልውጥም ባለች ቀን ክኒኑ ቢቀርም በሽታው አንዴ ከጀመራት አይለቃትም ነበር፣ ያንተ ጨሞ ምን ለወጠ? ይለኛል። ማን ያውቃል፣ እውነት ይሆናል። ግን ሐኪሟስ? ለሐኪሟ እውነቱን ብነግራት መድኃኒቱን ትጠረጥረው ነበር፣ ፈለጉን ተከትላ ትሄድ ነበር። በቀጠሮዋ ብወስዳትና «ካቆመች ወር ሆናት፣ አሁንም አልተሻላትም» ብላት ያልገባኝ ነገር ይገባት ይሆን ነበር። የመዳኛዋን በር ነው የዘጋሁት። ስለዚህ ያ ሰበብ አይጠቅመኝም፣ አልቀበለውም።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ ትለኛለህ። ወይንሸት ናት ያናገረችኝ። ዋጫ ከተማ አስተማሪ ናት፣ ልጆች አሏት። ትናንት ደወለችልኝ። ጅማ ተመርምራ ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ተብላለች፣ ያው ዓይነት ክኒን ታዟላታል።

«ጋሼ፣ እማዬን የጎዳት ይሄ ነው የሚሉ ነበሩ፣ ትዝ ይለኛል» አለችኝ። «ግን ትታው እንኳ ብሶባት ነበር አይደል? ያኔ አንተ ነህ አብረሃት የነበርከው። እንግዲያው መዋጥ እችላለሁ ማለት ነው?»

እስክትመጪ አትጀምሪው፣ ስትመጪ እንነጋገራለን አልኳት። ቅዳሜ ትመጣለች። የእኔ ውሸት እስካሁን በቤታችን እንደ ማስረጃ ይኖራል፤ አሁን ደግሞ የእታለም ልጅ እሱን ተደግፋ ክኒን ልትውጥ ነው። ምናልባት ለእሷ ምንም አያደርጋትም፤ ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው። ግን ሐኪም የሚወስነው የተነገረውን ይዞ ነው፤ ባልተነገረው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

እነግራታለሁ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። ወይንሸትን አውቃታለሁ፣ ሆደ ቡቡ ናት፤ ይቅርታ ከጠየቅኳት አንገቴን አቅፋ «ለእሷ ብለህ ነው ጋሼ» ትለኛለች፣ ተላቅሰን እንለያያለን፣ ነገሩም እዚያው ይቀበራል። ያን አልፈልግም። ትቆጣኝ። ቤቴን ትርገጥ አትርገጥ እሷ ታውቃለች። ብቻ ተቆጥታም ቢሆን ለሐኪሟ ሄዳ «እናቴ መድኃኒቱን አላቆመችም ነበር፣ አጎቴ ደብቆ ያጠጣት ነበር» ትበል። ይህን ለመናገር እሷም ካፈረች እኔ አብሬያት ጅማ እሄዳለሁ፤ «አላቆመችም ነበር» የምትለዋን ቃል በራሴ አፍ እላታለሁ። እታለምን አያስነሳትም።